የአባቶቻችንን የትምህርት ቤት ፎቶዎች በራሳችን ሰርቨር ላይ፦ ኮንቴይነር የምታውቁ እርዱኝ

የአልበም ጠባቂ፣ ሰኞ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴና አብረውት ደሴ የተማሩ ጓደኞቹ ማኅበር አላቸው። አባላቱ ደሴ፣ አዲስ አበባ፣ ሜሪላንድና ዱባይ ተበታትነዋል፤ ዕድሜያቸው ከሰባ በላይ ነው፤ በየዓመቱ ቁጥራቸው ይቀንሳል። ባለፈው ዓመት ከየቤቱ የድሮ ፎቶ እየሰበሰብን ስካን ማድረግ ጀመርን። አሁን 6,400 ደርሷል፤ ወደ 160 ጊጋባይት ነው። አብዛኛው ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ጀርባውን ሲገለብጡት በሰማያዊ ቀለም፣ በተማሪ እጅ ጽሑፍ፣ «ለማልረሳህ ወንድሜ መታሰቢያ ይሁንህ፤ መስከረም 1962» የሚል ይነበባል።

እስካሁን ፎቶዎቹን የምንላላከው በስልክ የውይይት ቡድን ነበር። እዚያ ሲገባ ፎቶው ይጨመቃል፣ ፊት ይደበዝዛል፣ በሳምንቱ ደግሞ ከሥር ተቀብሮ የሚያገኘው የለም። ስለዚህ የራሳችን ድረ ገጽ ይኑረን ብዬ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ሥርዓትና ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባሉ የተለያዩ ክፍሎች የሚያሠራውን ዶከርን ጫንኩ። ፒዊጎ የተባለውን የፎቶ ሶፍትዌርና መግለጫዎቹ የሚመዘገቡበትን ማሪያዲቢ የተባለ ዳታ ቤዝ በሁለት ኮንቴይነሮች አስነሣሁ። ሠራ። 300 ፎቶ ጫንኩ፤ አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ የእያንዳንዱን ሰው ስም እየነገረኝ ሦስት ምሽት ሙሉ መግለጫ ጻፍኩ።

ትናንት አዲስ እትም ወጥቷል ሲባል ሁለቱንም ኮንቴይነሮች ሰርዤ እንደገና አስነሣሁ። የተከፈተልኝ ሶፍትዌሩን ከመጀመሪያው እንድጭን የሚጠይቅ ባዶ ገጽ ነው። ፎቶዎቹ ሃርድ ዲስክ ላይ አሉ። የአባቴ ቃል ግን የለም። የት ሄደ? ሊመለስስ ይችላል?

ማሽን ክፍል፣ ሰኞ ከምሽቱ 3፡02

እህቴ፣ አሁኑኑ እጅዎን ከላፕቶፑ ላይ ያንሱ። ምንም ነገር አያጽዱ፤ በተለይ «ፕሩን» (ጥረግ) የሚል ቃል ያለበትን ማንኛውንም ትእዛዝ አይስጡ። ተስፋ አለ።

ብዙ ሰው ኮንቴይነርን ትንሽ ኮምፒውተር አድርጎ ያስበዋል። እኔ ለአዲስ ሠራተኞች የማስረዳው በግቢ ተከራዮች ነው። ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በኮምፒውተር ውስጥ የሚሠራ ሌላ ሙሉ ኮምፒውተር፣ የራሱ መሠረትና የራሱ ቆጣሪ ያለው፣ ለብቻው የቆመ ቤት ነው። ኮንቴይነሮች ግን በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቆጣሪ የሚኖሩ ተከራዮች ናቸው፤ ሁሉም የሚጠቀሙት የአስተናጋጁን ኮምፒውተር የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሥርዓቱን እምብርት ነው። አንዱ የሌላውን ክፍል እንዳያይ ግድግዳ የሚሆነው ኔምስፔስ፣ አንዱ የሌላውን ውሃና መብራት እንዳይጨርስ የሚገድበው ሲግሩፕ ይባላል። ዶከር እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ሲቀርብ እነዚህ ግድግዳዎች ከርነሉ ውስጥ ነበሩ። እሱ ያመጣው፣ ተከራዩ ዕቃውን በቀላሉ ጠቅልሎ ከግቢ ወደ ግቢ የሚዘዋወርበትን መንገድ ነው።

ተከራይ ሲለቅ ክፍሉ ይጠረጋል። ኮንቴይነር ሲሰረዝም በውስጡ የተጻፈው ሁሉ አብሮት ይሄዳል። የሚቀረው ቮልዩም ላይ የተጻፈው ብቻ ነው፤ ቮልዩም ማለት ከክፍሉ ውጭ፣ በባለቤቱ መጋዘን የተቀመጠ ሣጥን ነው። የማሪያዲቢ ኢሜጅ ደግሞ የመረጃ ማህደሩ ቮልዩም እንዲሆን ራሱ ስለሚጠይቅ፣ እርስዎ ባያዝዙም ዶከር ስም የለሽ ሣጥን ይሠራለታል። ኮንቴይነሩ ቢሰረዝም ያ ሣጥን ብዙ ጊዜ ይቀራል። (ኢሜጅ የምለው ኮንቴይነሩ የሚነሣበትን ጥቅል ነው። እሱንም ፎቶውንም «ምስል» ብለን ከጠራን እዚሁ ተደናግረን እንቀራለን።)

«ዶከር ቮልዩም ኤልኤስ» ብለው ይዘርዝሩ። 64 ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ስም ያላቸውን ሣጥኖች በተፈጠሩበት ቀን ይለዩ። አሮጌውን ከአዲስ የማሪያዲቢ ኮንቴይነር ጋር አያይዘው ያስነሡት፤ የእትሙ ቁጥር ግን የድሮው ይሁን። የይለፍ ቃሉም የድሮው ነው። ኮንቴይነሮቹ እንዴት እንደሚነሡ በሚዘረዝረው በኮምፖዝ ፋይል ላይ የሚጻፈው የይለፍ ቃል የሚሠራው ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ብቻ ነው።

የአልበም ጠባቂ፣ ሰኞ ከምሽቱ 5፡40

አገኘሁት! ሦስት ስም የለሽ ሣጥኖች ነበሩ፤ ሁለተኛው ነው። 300ውም መግለጫ አለ፤ አባቴ «ይህ ኳስ የሚያባርረው በኋላ መሐንዲስ የሆነው ነው» ያለው ሁሉ ሳይቀር። የተጫኑት ፎቶዎች ግን በሣጥን ውስጥ አልነበሩም፤ እነሱ ጠፍተዋል። አባቴ ተኝቷል፣ ነገ እነግረዋለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ማሽን ክፍል፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 1፡20

እንኳን ደስ ያለዎት። ፎቶዎቹን መልሰው ይጫኑ፤ ዳታ ቤዙ የእያንዳንዱን ፎቶ የመጀመሪያ የፋይል ስም ስለያዘ መግለጫውን ከፎቶው ጋር ማገናኘት ይቻላል።

አሁን ነገሩን ከሥሩ እናስተካክለው። በላፕቶፑ ላይ አንድ ማህደር ይክፈቱ፤ በውስጡ የፎቶ፣ የዳታ ቤዝና የቅንብር ማህደሮች ይኑሩ፤ በኮምፖዝ ፋይሉ ከየኮንቴይነሩ ጋር በግልጽ ያያይዟቸው። ያኔ ንብረትዎ የት እንዳለ በዓይንዎ ያዩታል። በኢሜጁ ስም መጨረሻ ላይ «ሌተስት» (የቅርቡ) ብለው አይጻፉ፤ የእትሙን ቁጥር ይጻፉ። «ሌተስት» ዛሬ አንድ ነገር፣ ከወር በኋላ ሌላ ነገር ነው፤ ዳታ ቤዝ ደግሞ ሳያውቁት እትም ሲቀየርበት አይወድም። ሌላው፣ «ዶከር ኮምፖዝ ዳውን» ከሚለው ትእዛዝ ቀጥሎ ሰረዝና ቪ የምትባለውን ፊደል የሚጨምር ምክር ካጋጠመዎ አይቀበሉት። ያቺ አንዲት ፊደል ሣጥኖቹንም ታቃጥላለች።

ቀጥተኛው፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 4፡05

በቅንነት ልጠይቅ። ይህን ሁሉ ድካም ከመሸከም ለምን በአንዱ ትልቅ የፎቶ አገልግሎት ላይ አይጫንም? እነሱ ሺህ መሐንዲስ አላቸው። እርስዎ አንድ ላፕቶፕና የሚሄድ የሚመጣ መብራት ነው ያለዎት።

የሜሪላንዱ፣ ማክሰኞ ከቀኑ 9፡30

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ያለፉትን ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንይ። በ2017 ፎቶባኬት ፎቶን በሌላ ድረ ገጽ ላይ ማሳየት በዓመት 399 ዶላር ያስከፍላል ሲል፣ ለዓመታት የተጻፉ የውይይት ገጾች ላይ ፎቶ በነበረበት ቦታ የክፍያ ማሳሰቢያ ተለጠፈ። በ2018 ፍሊከር በነፃ የሚያስቀምጠውን ወደ 1,000 ፎቶ ወሰነ። ከጁን 2021 ጀምሮ ጉግል ፎቶስ ያለ ገደብ በነፃ ማስቀመጥ አቆመ። በ2023 ኢምገር ከአካውንት ጋር ያልተያያዙ፣ ማንም የማያያቸውን አሮጌ ፎቶዎች እንደሚሰርዝ አስታወቀ። ድርጅቶቹ ንብረታቸውን እንደፈለጉ ማስተዳደር መብታቸው ነው። ጥያቄው 6,400 ፎቶ በእነሱ ውሳኔ ሥር ይሁን ወይ ነው። የ1962 ዓ.ም. ፎቶ እስከ ዛሬ የደረሰው አንዲት እናት በቁም ሣጥን ውስጥ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ስላስቀመጠችው ነው። ያንን ቁም ሣጥን የሚተካ ነገር ነው የምንፈልገው።

አራተኛ ዓመት፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡10

እኔ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ፤ ከዚህ ውይይት ብዙ እየተማርኩ ነው። ሁሉም ሰው ኢሚች ስለሚባለው ሌላ የፎቶ ሶፍትዌር ሲያወራ ለምን ፒዊጎ ተመረጠ?

ማሽን ክፍል፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡00

ጎበዝ፣ ጥሩ ጠየቅህ። ኢሚች ከስልክ የሚመጣን የቤተሰብ ፎቶ በራሱ ለማከማቸት እጅግ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ፊት የሚለይበት ክፍሉ ሜሞሪ ይበላል፣ ፖስትግሬስና ሬዲስ የሚባሉ ዳታ ቤዞችንም ይዞ ስለሚመጣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይከብዳል። ፒክስልፌድ ሰው እየተከታተለ የሚወያይበት ማኅበራዊ መድረክ ነው፤ ከሌሎች ሰርቨሮች ጋር ይነጋገራል፤ ለማኅደር ግን አልተሠራም። ሊቺ ቀላልና ውብ ነው፤ ለጥቂት አልበሞች እሱን እመርጣለሁ። ፒዊጎ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ አለ። መልኩ አያምርም ይሆናል፤ አልበምን ለተወሰነ ቡድን ብቻ መክፈት፣ መለያ ቃል መስጠት፣ ብዙ ሺህ ፎቶ መሸከም ይችላል። ለሽማግሌዎች ማኅበር ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

የአልበም ጠባቂ፣ ረቡዕ ከምሽቱ 3፡25

ሁሉንም እንዳላችሁኝ አስተካከልኩ። በቤት ውስጥ በስልኬ ይከፈታል። ከውጭ ግን አይከፈትም። ራውተሩ ላይ የድረ ገጽ በሮች የሆኑትን 80 እና 443 ፖርቶችን ከፍቻለሁ፤ ዱባይ ያለችው የአባቴ ጓደኛ ልጅ ብትሞክር ዝም ይላታል። ራውተሩ የሚያሳየኝ አድራሻ በ100.72 ይጀምራል።

የሜሪላንዱ፣ ረቡዕ ከምሽቱ 4፡15

ችግሩ አድራሻው ራሱ ነው። ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው ክልል የኢንተርኔት አቅራቢዎች ብዙ ደንበኞችን ከአንድ የሕዝብ አድራሻ ጀርባ ለማሰለፍ የሚጠቀሙበት ነው። እርስዎ በራስዎ ራውተር በር ከፍተዋል፤ ከፊት ያለው የአቅራቢው ትልቅ በር ግን የእርስዎ አይደለም። የፈለጉትን ያህል ፖርት ቢከፍቱ ማንም አይገባም።

መፍትሔው ከቤት ወደ ውጭ የሚወጣ መንገድ መዘርጋት ነው። የሕዝብ አድራሻ ያለው አነስተኛ ሰርቨር ውጭ አገር ይከራያል፤ ከላፕቶፕዎ ወደዚያ ዋየርጋርድ የሚባል የተመሰጠረ መተላለፊያ ይዘረጋል። ጎብኚው ያንኳኳው የሰርቨሩን በር ነው፤ የሚከፈተው ግን ደሴ ወይም አዲስ አበባ ያለው ላፕቶፕ ነው። ፎቶዎቹ የሚቀመጡት እቤት ነው። በበሩ ላይ ካዲ የተባለውን ሶፍትዌር ቢያቆሙ የሌትስ ኢንክሪፕትን የደኅንነት ሰርተፍኬት ራሱ ያወጣል፤ 90 ቀኑ ሳያልቅም ራሱ ያድሳል። ኪራዩን በውጭ ምንዛሪ ከአገር ቤት መክፈል እንደሚያስቸግር አውቃለሁ፤ ሜሪላንድ ካሉት የማኅበሩ አባላት አንዱ በካርዱ ቢከፍል ይቀላል።

ማሽን ክፍል፣ ረቡዕ ከምሽቱ 4፡50

በሩን ከመክፈትዎ በፊት አንድ ነገር አደራ። በኡቡንቱ ፋየርዎል (ከውጭ የሚመጣን የሚከለክለው ዘብ) ሁሉን ዘግቻለሁ ብለው አይተማመኑ። በኮምፖዝ ፋይል ላይ ፖርት ሲያወጡ ዶከር የራሱን ደንብ ስለሚጽፍ የፋየርዎሉን ክልከላ ዘሎ ያልፋል። የዳታ ቤዙን 3306 ፖርት ፈጽሞ አያውጡ፤ ፒዊጎና ማሪያዲቢ በውስጥ መረባቸው በስም ይጠራራሉ። የድረ ገጹንም ፖርት የላፕቶፑ የራሱ የውስጥ አድራሻ ከሆነው ከ127.0.0.1 ጋር አስረው ያውጡት፤ ካዲ የሚቆመው ውጭ ባለው ሰርቨር ላይ ከሆነ ደግሞ ከዋየርጋርድ አድራሻው ጋር ይሰሩት።

መብራትን በተመለከተ ላፕቶፕ መምረጥዎ መልካም ነው፤ ባትሪው ራሱ ጥበቃ ነው። «አንለስ ስቶፕድ» (እኔ ካላስቆምኩት በቀር) የሚለውን መመሪያ ቢጨምሩ ላፕቶፑ ጠፍቶ ተመልሶ ሲበራ ኮንቴይነሮቹ ራሳቸው ይነሣሉ።

መዝገብ ቤት፣ ሐሙስ ከጠዋቱ 3፡00

ልጄ፣ እኔ በመዝገብ ቤት 31 ዓመት ያገለገልኩ ጡረተኛ ነኝ። ስለ ኮንቴይነሩ ባለሙያዎቹ ይንገሩሽ። እኔ ስለ ፎቶው ጀርባ ልንገርሽ።

«መስከረም 1962» ተብሎ የተጻፈውን ሶፍትዌሩ ቀን በሚጠይቅበት ቦታ 1962 ብለሽ ከሞላሽው ፎቶው ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይሸሻል። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው፤ ለእሱ ሴፕቴምበር ወይም ኦክቶበር 1969 ነው። ዓመቱ ብቻ ተጽፎ ወሩ ከሌለ ደግሞ ከ1969 መጨረሻ ይሁን ከ1970 አይታወቅም፤ ስለዚህ ጀርባው ላይ ያለውን ቃል በቃል፣ «ዓ.ም.» ብለሽ በመግለጫው ውስጥ አስቀምጪ። ለማሽኑ የምትሰጪው ቀን ግምት ነው፤ ቃሉ ግን ማስረጃ ነው።

ሁለተኛ፣ የስም አጻጻፍ። አንዱ «ኃይሉ»፣ አንዱ «ሀይሉ»፣ አንዱ «ሐይሉ» ብሎ ይጽፋል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለፍለጋው ሦስት ሰዎች ናቸው። ባለቤቱ በፈረመበት ፊደል መግለጫውን ጻፊ፤ ሌሎቹን አጻጻፎች በመለያ ቃልነት ጨምሪ።

ሦስተኛው ከባድ ነው። በእነዚያ ፎቶዎች ላይ ካሉት ወጣቶች በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ያለቁ እንዳሉ ሳትነግሪኝ አውቃለሁ። የእነሱን ፊት ለዓለም ከመክፈትሽ በፊት ቤተሰቦቻቸውን ጠይቂ። እኅት ወይም ወንድም በሕይወት አለ። አንዳንዱ ደስ ይለዋል፣ አንዳንዱ አይችለውም።

የአልበም ጠባቂ፣ ሐሙስ ከቀኑ 7፡45

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። አባቴም አንብቦት ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ አሥራ አንድ ስም ቆጠረልኝ። እነሱ ያሉባቸውን ፎቶዎች ለአባላት ብቻ በሚከፈት አልበም አድርጌያቸዋለሁ፤ ወደ ቤተሰቦቹ መደወል የጀመረው እሱ ራሱ ነው።

አንድ ሌላ ችግር። ዊንዶውስ ባለበት ኮምፒውተር ላይ የነበሩ ፋይሎችን ወደ ላፕቶፑ ስቀዳ አንዳንዶቹ ስማቸው ረዝሟል እያለ ይመልስልኛል። ስሙ ረጅም ነው፣ እውነት ነው፣ ግን ዊንዶውሱ ተቀብሎት ነበር።

ማሽን ክፍል፣ ሐሙስ ከምሽቱ 12፡30

ይህ እኛ ፊደላችንን በምንጠቀም ሰዎች ላይ የሚመጣ ችግር ነው። ኤክስት4 የሚባለው የሊኑክስ የፋይል አቀማመጥ ሥርዓት ለፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው። ለላቲን ፊደል 255 ፊደል ማለት ነው። የግዕዝ ፊደል ግን ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አመዘጋገብ እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል፤ 85 ፊደል ሲሞላ በሩ ይዘጋል። ዊንዶውስ የሚቆጥረው በሌላ መንገድ ስለሆነ ተቀብሎታል።

የፋይሉን ስም ቁጥር ብቻ ያድርጉት፤ ታሪኩን ፋይሉ ውስጥ ይጻፉት። ኤግዚፍቱል የተባለ ነፃ መሣሪያ አለ፤ መግለጫን፣ ስምን፣ ቀንን በፎቶው ፋይል ሆድ ውስጥ ያስገባል፤ ጽሑፉ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን ብቻ ይንገሩት። ይህን አጥብቄ የምለው ለምክንያት ነው። ፒዊጎ በድረ ገጽ የተጫነን ፎቶ በዲስኩ ላይ ቀንና ኮድ ባለው ስም ነው የሚያስቀምጠው። ዳታ ቤዙ አንድ ቀን ቢጠፋ የሚቀርዎት የማን እንደሆኑ የማይታወቁ 6,400 ፊቶች ናቸው። ጋሼ እንዳሉት፣ ጽሑፉ ከፎቶው ጀርባ ላይ መሆን አለበት። በስልክ የተነሡት ላይ ግን ተቃራኒውን ያድርጉ፤ ስልክ የሰዎቹን ቤት የካርታ ነጥብ ፋይሉ ውስጥ ይጽፋል፤ እሱን ያስወጡት።

160 ጊጋባይቱንም ሁሉ ድረ ገጹ ላይ አይጫኑ። 10 በ15 ሳንቲሜትር ፎቶ በ600 ዲፒአይ (በኢንች 600 ነጥብ) ሳይጨመቅ 25 ሜጋባይት ነው፤ እሱ በሃርድ ዲስክ ይቀመጥ። ለድረ ገጹ 3 ወይም 4 ሜጋባይት የሆነ ጄፔግ ይበቃል።

አራተኛ ዓመት፣ ሐሙስ ከምሽቱ 2፡20

85 ፊደል! ለመመረቂያ ሥራዬ የሚሆን ርዕስ አገኘሁ።

መዝገብ ቤት፣ ዓርብ ከጠዋቱ 2፡40

መጠባበቂያ ቅጂ አለሽ ወይ ልጄ? ካለሽስ ከፍተሽ አይተሽዋል? በሥራዬ ዘመን ቁልፉ የጠፋ ካዝና ብዙ አይቻለሁ።

የአልበም ጠባቂ፣ ከአሥር ቀን በኋላ፣ ሰኞ ከምሽቱ 2፡30

የጋሼ ጥያቄ ስላላስተኛኝ ሞከርኩት። ዳታ ቤዙን እየሠራ ሳለ ማህደሩን መቅዳት ትቼ በየሌሊቱ ወደ አንድ የጽሑፍ ፋይል እንዲገለበጥ አድርጌያለሁ። እሱና ፎቶዎቹ በውጭ ሃርድ ዲስክ ይቀዳሉ፤ ሌላ ቅጂ ሜሪላንድ ወዳለ አባል ቤት ይሄዳል። ከዚያ ከወንድሜ ላፕቶፕ ተውሼ፣ የእኔው እንደተሰረቀ ቆጥሬ፣ ከሃርድ ዲስኩ ብቻ ድረ ገጹን ለማስነሣት ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ አልተነሣም። የይለፍ ቃሎቹ ያሉበት ፋይል ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር የተደበቀ ፋይል ነው፤ የቅጂው ትእዛዜ በኮከብ ምልክት «ሁሉንም» ሲል የተደበቁትን አይጨምርም ነበር። አሥር ቀን ሙሉ ያለ ቁልፍ ነበር የቀዳሁት። ያን አስተካክዬ ደግሜ ሞከርኩ። ፎቶዎቹ ታዩ፣ መግለጫዎቹ ታዩ፤ አዲስ ፎቶ ስጭን ግን እምቢ አለ። ማህደሮቹ በእኔ ስም ሆነው ተቀድተዋል፤ በኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ደግሞ የተጠቃሚ ቁጥሩ 33 ነው። ባለቤትነቱን ወደ 33 ሳዞረው ሠራ። ሁለቱንም እርምጃ በወረቀት ጽፌ፣ ከይለፍ ቃሎቹ ጋር በማኅበሩ ሣጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ እኔ ባልኖር ወንድሜ እንዲያስነሣው።

ቅዳሜ ለአባላቱ ከፈትን። መጀመሪያ የተጻፈው አስተያየት ሜሪላንድ ካሉ እናት ነው፤ በመስከረም 1962ቱ ፎቶ ሥር። «ከግራ ሦስተኛው ታላቅየው አይደለም፤ ታናሽ ወንድሙ ነው። ኮቱ የታላቁ ስለሆነ ነው የተሳሳታችሁት» ይላል። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ቀርቦ አየው፤ ከዚያ የእጅጌውን ርዝመት በጣቱ አሳየኝ፣ እጁን እስከ ጣቶቹ ሸፍኖታል። ስሙን በድረ ገጹም በፋይሉም ውስጥ አስተካክያለሁ።